ባኩና ሌንሱ አይተዋወቁም፦ ዲጂታል ባክ በሚዲየም ፎርማትና በቴክኒካል ካሜራ ላይ (ሐዋሳ ላይ ለፎቶ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ! ከሻሸመኔ፣ ከይርጋለምና ከዲላ መንገድ አቋርጣችሁ የመጣችሁ ባልደረቦቼ፣ የዚሁ የሐዋሳ የስቱዲዮ ባለቤቶች፣ ከክፍል ወጥታችሁ የመጣችሁ የሕንፃ ንድፍ ተማሪዎች፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ጥሩ።

የዛሬው ጉዳያችን ዲጂታል ባክ ነው። ድሮ የፊልም መያዣው በነበረበት፣ በካሜራው ጀርባ ላይ የሚገጠመው ሴንሰር፣ ብርሃኑን የሚመዘግበው ማለቴ ነው። የሚገጠመውም በሚዲየም ፎርማት፣ ማለትም ከ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሚበልጥ ልክ በሚሠሩ ካሜራዎችና በቴክኒካል ካሜራ ላይ ነው። በሦስት ነገሮች ላይ እናገራለሁ፤ ስለ መግጠሚያውና ብርሃኑን ከፍቶ ስለሚዘጋው ሻተር፣ ስለ ብርሃኑ አገባብ፣ ስለ ፎከሱ። ያገለገለ ባክ ስለ መግዛት ደግሞ መጨረሻ ላይ እመጣለሁ። ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት ለእሱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የፊተኛውን ሳትሰሙ የኋለኛው አይጠቅማችሁም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል፤ ደጋግሜም እለዋለሁ። ባኩና ሌንሱ አይተዋወቁም። በየቀኑ የምትሠሩበት ዲጂታል ካሜራ ውስጥ ሌንሱ ለካሜራው ሁሉን ይነግረዋል፤ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ አፐርቸሩ፣ ማለትም የሌንሱ ቀዳዳ፣ ስንት ላይ እንዳለ፣ ፎከሱ የት እንደቆመ። ካሜራውም ሰምቶ የጠርዙን ጥላ ያቀናል፣ ቀለሙን ያስተካክላል፣ ሻተሩን ያዛል። ቴክኒካል ካሜራ ላይ፣ ሌንሱ ወይም ባኩ በእጅ ወደ ላይና ወደ ጎን በሚንሸራተትበት ካሜራ ላይ፣ ይህ የለም። ባኩ የትኛው ሌንስ እንደተገጠመ አያውቅም። ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ላይ እንደተነሳ አያውቅም። እንዲያውም ሻተሩ መከፈቱን ራሱ በገመድ ካልተነገረው አያውቅም። ታዲያ ማን ይንገረው? እናንተ ናችኋ! የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ይህንን ሥራ እንዴት እንደምትሠሩት ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ።

ባክ ሲሠራ ለአንድ መግጠሚያ ይሠራል። ለሃሰልብላድ ቪ አለ፣ ለሃሰልብላድ ኤች አለ፣ ለማሚያ 645 ኤኤፍዲና ለፌዝ ዋን አካል አለ፣ ለኮንታክስ 645 አለ። የአንዱ በሌላው አይገባም፤ አብዛኛው ባክ ላይም መግጠሚያው በቀላሉ የሚቀየር አይደለም። ካምቦ፣ አልፓ፣ አርካ ስዊስ የመሳሰሉ ቴክኒካል ካሜራዎች ግን ለየመግጠሚያው የሚሆን ሰሌዳ አላቸው፤ ሰሌዳውን ለባካችሁ ትመርጣላችሁ። ስለዚህ ባክ ከመግዛታችሁ በፊት የምትጠይቁት «ስንት ሜጋ ፒክስል ነው?» የሚለው አይሁን። መጀመሪያ «የምን መግጠሚያ ነው?» በሉ።

ብዙ ሰው እጅ ውስጥ ያለው የቪ ቤተሰብ የሆነው ሃሰልብላድ 500 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የተሠራ፣ ሻተሩ ሌንሱ ውስጥ የሆነ ካሜራ። ሲኤፍቪ የሚባለው የሃሰልብላድ ባክ እሱ ላይ ያለ ገመድ ይሠራል፤ ካሜራው ሲተኩስ በጀርባው በኩል ባኩን በመካኒክ ይነካዋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ የፊልሙ ልክ 56 በ56 ሚሊ ሜትር ነበር፤ የሲኤፍቪ 100ሲ ሴንሰር ግን 44 በ33 ነው። በእይታ መስታወቱ ላይ የምታዩት ሁሉ ስለማይገባ የሴንሰሩ ክልል የተሰመረበት መስታወት ያስፈልጋችኋል። 80 ሚሊ ሜትሩ ሌንስም የለመዳችሁትን ስፋት አይሰጣችሁም፤ በ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ቋንቋ 63 ገደማ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ዘገምተኛ ፍጥነት ላይ፣ ለምሳሌ ግማሽ ሰከንድ ላይ፣ የመተኮሻውን ቁልፍ ተጭናችሁ ቆዩ። ከአካሉ ጀርባ ያሉት መከለያዎች ክፍት የሚቆዩት ጣታችሁ ቁልፉ ላይ እስካለ ድረስ ነው። ቶሎ ከለቀቃችሁ መከለያው ሌንሱን ቀድሞ ይዘጋል፤ ኤክስፖዠሩ ይቆረጣል። «ባኩ ተበላሽቷል» ተብሎ ከሚመጣው ቅሬታ ውስጥ ይህ አንዱ ነው፤ ባኩ ምንም አልሆነም።

ቴክኒካል ካሜራ ላይ ነገሩ ይጠብቃል። እዚያ ሌንሱ ያለው ኮፓል በሚባል መካኒካዊ ሻተር ውስጥ ነው። ኮፓል 0 የሚባለው ፍጥነቱ እስከ 1/500 ሰከንድ ይደርሳል። ሁሉን በእጅ ትሠራላችሁ፤ ቅደም ተከተሉን እንደ ጸሎት በቃላችሁ ያዙት። ሻተሩን ከፍታችሁ ፎከስና ፍሬሙን ታያላችሁ። ሻተሩን ትዘጋላችሁ። አፐርቸሩን ወደ ምትሠሩበት ታወርዳላችሁ። ፍጥነቱን ትመርጣላችሁ። ሻተሩን ትወጥራላችሁ። ባኩን ትቀሰቅሳላችሁ። ትተኩሳላችሁ። ከዚህ ውስጥ ሰው በብዛት የሚዘነጋው የቱን ይመስላችኋል? አፐርቸሩን ማውረድ ነው። በኤፍ 4 ፎከስ አድርጎ በኤፍ 4 ይተኩሳል፤ ያሰበው ኤፍ 8 ከነበረ ፎቶው ሁለት ስቶፕ (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው) በርቶ ይወጣል፣ ጠርዙም ይለሰልሳል።

«ባኩን መቀስቀስ» ያልኩት ምንድን ነው? ሲሲዲ የሚባለው የቀድሞው የሴንሰር ዓይነት ዘመን ባኮች፣ የፌዝ ዋን ፒ ፕላስ ዓይነቶቹ፣ ባትሪ ለመቆጠብ ያንቀላፋሉ። ቴክኒካል ካሜራ ላይ መጀመሪያ የመቀስቀሻ ምልክት በገመድ ይላካል፣ ቀጥሎ ሻተሩ ሲከፈት ከሌንሱ የፍላሽ ሶኬት የሚመጣው ሲንክ ገመድ «አሁን ነው» ይለዋል። ሳይነቃ ከተኮሳችሁ ወይ ምንም አይመዘገብም፣ ወይ ሐምራዊ የተቀባ የመሰለ ፍሬም ይወጣል። በምናሌው ውስጥ ዜሮ ሌተንሲ የሚባል ምርጫ አለ፤ ባኩን ሁልጊዜ ዝግጁ አድርጎ ያቆየዋል፤ ባትሪውንም ቶሎ ይጨርሰዋል። የተሻለው መንገድ ይኸው ነው፤ ትርፍ ባትሪ ያዙ። ሲንክ ገመዱንም ሁለት ያዙ። በዚህ ሁሉ ዕቃ ውስጥ ቀድሞ የሚሞተው ያ ቀጭን ገመድ ነው፤ የሚሰበረውም መታጠፊያው ላይ፣ ሶኬቱ ሥር ነው።

ሲሞስ የሚባለው የሴንሰር ዓይነት ያላቸው አዳዲሶቹ ባኮች የኤሌክትሮኒክ ሻተር አላቸው፤ ኮፓሉን ክፍት ትታችሁ ባኩ ራሱ ይጀምራል፣ ራሱ ይጨርሳል። ኮፓልም ሻተር መሥራት ስላቆመ ብዙዎች ወደዚያ እየሄዱ ነው። ለሕንፃ፣ ለመልክዓ ምድር፣ ለሥዕልና ለብራና ቅጂ እኔም እመክረዋለሁ። ግን ሴንሰሩ የሚነበበው መስመር በመስመር ነው፤ ከላይ እስከ ታች ለመጨረስ ጊዜ ይወስዳል። አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳ ክንፉን ዘርግቶ ሲነሳ በኤሌክትሮኒክ ሻተር ብታነሱት ክንፉ ተጣሞ ይወጣል። ፍላሽም አይሠራም።

መብራትስ? የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በዚህ ምክንያት ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ዓይናችን አያየውም፤ መስመር በመስመር የሚነበብ ሴንሰር ግን ያየዋል፤ ፎቶው ላይ ጥቁርና ነጭ ሽንትር ይሆንባችኋል። መድኃኒቱ የኤክስፖዠር ጊዜውን የ1/100 ብዜት ማድረግ ነው፤ 1/50፣ 1/25፣ 1/10፣ አንድ ሰከንድ። የሆቴል ሎቢ የምታነሱ፣ ይህንን ጻፉት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ ብርሃኑ አገባብ ልለፍ። ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው፤ ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰው እዚህ ላይ ነውና።

ፊልም ብርሃን ከየትም አቅጣጫ ቢመጣበት ግድ አልነበረውም። ሴንሰር ግን የጉድጓዶች ስብስብ ነው። ፒክስሉ ጉድጓድ ነው፤ ከላዩ የቀለም ማጣሪያ አለ፣ ብዙዎቹ ላይም ጥቃቅን ሌንስ አለ። ቀጥ ብሎ የገባ ብርሃን ከታች ይደርሳል። ተጋድሞ የመጣ ብርሃን ግን የጉድጓዱን ግድግዳ ይመታል፣ ወይም ወደ ጎረቤቱ ፒክስል ይሻገራል። በቀይ ማጣሪያ የገባው አረንጓዴው ቤት ሲገባ ቀለሙ ይዛባል። ውጤቱ የታወቀ ነው፤ የፎቶው አንዱ ጎን ወደ ሐምራዊ፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል።

ምን ያህል ነው የሚጋደመው? እናስላው። ሴንሰሩ 44 በ33፣ አግድም የተቀመጠ፣ ሌንሱ 35 ሚሊ ሜትር ይሁን። ፎቅ ልታነሱ ነው፤ ካሜራውን ወደ ላይ ሳታዘነብሉ፣ ግድግዳው ፎቶው ላይ የወደቀ እንዳይመስል፣ 20 ሚሊ ሜትር ራይዝ ሰጣችሁ፤ ሌንሱን ወደ ላይ አንሸራተታችሁት ማለት ነው። የሩቁ ማእዘን ከሌንሱ መሃል ስንት ይርቃል? በአግድም 22፣ በቁም 16.5 ሲደመር 20 ማለትም 36.5። በቀጥታ ሲለካ 42.6 ሚሊ ሜትር ገደማ። ሌንሱ እንደ ሽናይደር 35 ኤክስኤል የፊቱና የኋላው የተመጣጠነ ከሆነ ብርሃኑ ከሴንሰሩ 35 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ይነሳል፤ ማእዘኑ ላይ የሚደርሰው በ50 ዲግሪ ነው። እንደ ሮደንስቶክ ኤችአር ዲጋሮን 32 ዓይነት፣ ብርሃኑን ከሩቅ እንዲያወጣ የተነደፈ ሌንስ ግን፣ መውጫው ለምሳሌ 70 ሚሊ ሜትር ቢርቅ፣ 31 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። ልዩነቱን አያችሁ? በ50 ዲግሪ ጨለማው ብቻ ከሁለት ተኩል ስቶፕ ይበልጣል።

ሽናይደሩ ቀላል ነው፣ መስመር አያጣምም፣ ያገለገለው ገበያ ላይ ዋጋው ይቀላል። ሮደንስቶኩ ከባድ ነው፣ ውድ ነው፣ መስመርም ትንሽ ያጎብጣል። ታዲያ የቱን? መልሱ ባካችሁ ላይ ነው። እንደ ፒ45 ፕላስ ያለ፣ 6.8 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ፒክስል ያለውና ጥቃቅን ሌንስ የሌለው ሲሲዲ ሽናይደሩን በደንብ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የፌዝ ዋን አይኪው 250፣ የመጀመሪያው የሚዲየም ፎርማት ሲሞስ፣ በጣም ይቸገራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጣው አይኪው 4 150 እና እ.ኤ.አ. በ2024 የመጣው ሲኤፍቪ 100ሲ ሽቦው ከፒክስሉ በታች እንዲሆን ተገልብጠው የተሠሩ ስለሆኑ ጉድጓዳቸው ጥልቀት የለውም፤ ከአይኪው 250 እጅግ ይሻላሉ። ስለዚህ ሌንስና ባክ ለየብቻ አይገዛም። እንደ ጋብቻ ሁለቱን ወገን አይታችሁ ነው።

ለቀረው መዛባት መድኃኒቱ ኤልሲሲ የሚባለው ነው፤ የቀለሙንና የጥላውን መዛባት በአንድ ነጭ ፍሬም ለክቶ ማረም ማለት ነው። የሚያስፈልገው አንድ ነጭ፣ ብርሃን በእኩል የሚያሳልፍ አክሪሊክ ሰሌዳ ነው፤ ሌንሱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን። ዋናውን ፎቶ ካነሳችሁ በኋላ ምንም አትንኩ። አፐርቸሩን አትንኩ፣ ራይዙን አትንኩ፣ ፎከሱን አትንኩ። ሰሌዳውን ሌንሱ ላይ አስጠግታችሁ ያዙ፤ የእጃችሁ ጥላ አይረፍበት፣ ፀሐይም ግማሹን ብቻ አትምታው። ፍጥነቱን ብቻ ሁለት ወይም ሦስት ስቶፕ አዘግዩ፤ ሂስቶግራሙ፣ የብርሃኑን መጠን የሚያሳየው ግራፍ፣ መሃል ላይ ይቁም። ተኩሱ። ካፕቸር ዋን በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ውስጥ ያንን ነጭ ፍሬም መርጣችሁ ኤልሲሲ ፍጠር ትላላችሁ፣ ከዚያ ዋናው ፎቶ ላይ ትጭኑታላችሁ። ቀለሙ ይስተካከላል፣ የጠርዙ ጨለማ ይበራል፣ ሴንሰሩ ላይ ያለው አቧራም አብሮ ይጠፋል። ለሃሰልብላድ ፋይል ደግሞ የድርጅቱ ነጻ ሶፍትዌር ተመሳሳይ ማስተካከያ አለው፣ ላይትሩም ክላሲክም አለው።

ግን ስሙኝ። ኤልሲሲ ተአምር አይሠራም። 15 ሚሊ ሜትር ላይ የተነሳው ነጭ ፍሬም ለ20 ሚሊ ሜትሩ አይሆንም፤ የኤፍ 8ቱ ለኤፍ 16 አይሆንም። ባኩ ይህን ስለማያውቅ ፋይሉ ላይ ምንም አይጽፍላችሁም። ስለዚህ ነጩን ፍሬም ሁልጊዜ ከዋናው ቀጥሎ አንሱ፣ ሁልጊዜ ቀጥሎ፤ ራይዙንና አፐርቸሩን በማስታወሻ ጻፉ። ደግሞም ከጎረቤት ፒክስል የተቀላቀለ ቀለም ተለይቶ አይመለስም፤ ሰማዩ ገርጥቶ ይቀራል። የጨለመ ማእዘን ሲበራም ሻካራው ነጠብጣብ (ኖይዝ) አብሮ ይወጣል።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ፎከስ።

ከአባቶቻችን ዘመን ሌንሶች ላይ የተቀረጸው፣ ከየት እስከ የት ጥርት እንደሚል የሚያሳየው ምልክት ለፊልም ነው የተሠራው። ለሚዲየም ፎርማት ፊልም 0.05 ሚሊ ሜትር ብዥታ ይፈቀድ ነበር። በዚያ ሒሳብ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 8 ሦስት ሜትር ላይ ቢቆም እስከ ሩቁ ድረስ ጥርት ይላል። እንደ ሲኤፍቪ 100ሲ ባለ 3.76 ማይክሮን ፒክስል ላይ ሁለት ፒክስል ያህል ብዥታ ብቻ ብንፈቅድስ? ያው ሌንስ፣ ያው አፐርቸር፣ ርቀቱ 20 ሜትር ይሆናል! ከሦስት ሜትር ወደ 20። በድሮው ሰንጠረዥ ያነሳ ሰው ሩቁ ታቦር ተራራ ላይ 13 ፒክስል የሚሰፋ ብዥታ ያገኛል፤ ከዚያም ሌንሱን ይወቅሳል።

«አፐርቸሩን እዘጋለሁ» ትሉኝ ይሆናል። እስከ የት? ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል። በኤፍ 8 አንዷ የብርሃን ነጥብ 11 ማይክሮን ገደማ ትሰፋለች፣ በኤፍ 16 ከ21 ታልፋለች፣ በኤፍ 22 ወደ 30 ትጠጋለች። ለ3.76 ማይክሮን ሴንሰር ኤፍ 8 ጥሩ ነው፣ ኤፍ 11 ይቻላል፣ ኤፍ 16 ላይ የከፈላችሁበትን ፒክስል ትጥሉታላችሁ።

በሴንሰሩ በኩል ደግሞ ጭንቀቱ ይብሳል። በኤፍ 8 ሴንሰሩ ከትክክለኛው ቦታ 0.06 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መሳሳት የሚችለው፤ የአንድ ወረቀት ውፍረት እንኳ አይሞላም። የአልፓ ሰሌዳዎች ስስ ቆርቆሮ እየተጨመረና እየተቀነሰ የሚለኩት ለዚህ ነው። ሰሌዳው ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባች ባኩ ያዘነብላል፤ የፎቶው ግራ ጥርት ብሎ ቀኙ ይለሰልሳል። ባክ ስታወጡና ስታስገቡ የመገናኛውን ፊት በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት፤ ሴንሰሩን ወደ መሬት አዙራችሁ ያዙ። በበጋ በዚህች ከተማ አቧራው ምን እንደሚመስል እኔ አልነግራችሁም።

ሲሞስ ባክ ያላችሁ ላይቭ ቪው ላይ፣ ማለትም ሴንሰሩ የሚያየውን በቀጥታ በሚያሳየው ስክሪን ላይ፣ መቶ በመቶ አጉልታችሁ ፎከስ አድርጉ፤ ሌላ መንገድ አትፈልጉ። ሲሲዲ ያላችሁ በሌዘር የርቀት መለኪያ ሥሩ፤ መሐንዲሶቹ የሚይዙት ትንሹ መሣሪያ ይበቃል። ከሴንሰሩ ልክ ለኩ፣ ቁጥሩን ሌንሱ ላይ አስቀምጡ፣ አንድ ፍሬም አንስታችሁ አጉልታችሁ እዩ። ሃሰልብላድ 500 ላይ በእይታ መስታወቱ ጥርት ብሎ ፎቶው ግን ከለሰለሰ፣ ምስሉን ወደ እይታው ከሚያንጸባርቀው መስተዋት ሥር ያለውን ስፖንጅ ጠርጥሩ። ስፖንጁ በዘመን ብዛት ይሟሟል፣ መስተዋቱ ይወርዳል። ማስመሪያ በ45 ዲግሪ አጋድማችሁ፣ አፐርቸሩን ሙሉ ከፍታችሁ አንሱ፤ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሳተ ማስመሪያው ላይ ታነቡታላችሁ።

እስቲ ሦስቱን ነጥቦች አንድ ሥራ ላይ እንያቸው። ሐይቁ ዳር ያለ ሰፊ ሆቴል አለ እንበል፤ ፊቱ ወደ ሐይቁ ነው። ከተማችን ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ያ ፊት ፀሐይ የሚያገኘው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ተዘጋጁ። በአንድ ፍሬም አልገባ አለ። ሴንሰሩን ብቻ 15 ሚሊ ሜትር ወደ ግራ፣ ከዚያ 15 ወደ ቀኝ አንሸራታችሁ ሁለት ፍሬም ታነሳላችሁ። 44 የነበረው ስፋት 74 ሆነ። ይህ ለሌንሱ ይበቃል? የ74 በ33 ሰያፍ 81 ነው፤ ሌንሱ ምስል የሚጥልበት ክብ ስፋቱ 90 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይበቃል። በትልቁ ሴንሰር፣ በ53.4 በ40ው፣ ያው 15 ሚሊ ሜትር 92.5 ይጠይቃል፤ ማእዘኑ ይጠቁራል። ለእሱ 12 ላይ አቁሙ። ይህን ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ማስላት ትችላላችሁ፤ ደንበኛ ፊት አይሰላም።

ለምን ሴንሰሩን? ለምን ሌንሱን አናንሸራትትም? ሌንሱ ሲንቀሳቀስ የእይታው ቦታ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ከፊት ያለው የዘንባባ ግንድ ከኋላው ካለው መስኮት አንጻር ይቀያየራል፤ ሁለቱ ፍሬሞች አይገጥሙም። ካሜራችሁ የሚያንሸራትተው ሌንሱን ብቻ ከሆነ ካሜራውን በተቃራኒው በዚያው ልክ በትራይፖዱ ላይ መልሱት። ኤልሲሲውንም ለግራው ለብቻ፣ ለቀኙ ለብቻ አንሱ፣ ከመገጣጠማችሁ በፊት ጫኑ። ከገጠማችሁ በኋላ ከጫናችሁ መሃሉ ላይ የቀለም ስፌት ይታያል። ቦታም አዘጋጁ፤ የ100 ሜጋ ፒክስሉ አንድ ፍሬም ወደ 200 ሜጋ ባይት ነው፣ ወደ ቲፍ በ16 ቢት ሲወጣ 600።

ቃል የገባሁት ያገለገለ ባክ ቀረ። ሻጩ ጥሩ ፎቶ ያሳያችኋል፤ ያ ምንም አይነግራችሁም። መግጠሚያውን በዓይናችሁ እዩ። ባትሪና ቻርጀር አሁንም የሚገኝ መሆኑን አረጋግጡ፤ የድሮዎቹ ሲኤፍቪዎች የሚሠሩበት የሶኒ ኤል ዓይነት የቪዲዮ ባትሪ ዛሬም በየሱቁ አለ። ገመዱ ፋየርዋየር ከሆነ ዛሬ የሚሸጥ ኮምፒውተር ያንን ሶኬት አይዝም፤ ሥራችሁ በካርድ ብቻ ይሆናል፣ ዋጋውን በዚያ ልክ ተነጋገሩ። ከዚያ በራሳችሁ እጅ ፈትኑት። አንድ ልሙጥ ግራጫ ግድግዳ ከፎከስ ውጪ አድርጋችሁ አንሱ፤ መጀመሪያ በዝቅተኛው አይኤስኦ፣ ቀጥሎ በ400። ሲሲዲው በክፍል በክፍል ስለሚነበብ የመለካካት ችግር ካለበት መሃሉ ላይ ግራውንና ቀኙን የሚለይ መስመር ይወጣል። ኮንትራስቱን ከፍ አድርጋችሁ ፈልጉት። ቀጥሎ የሌንሱን ክዳን ዘግታችሁ ሻተሩን ለአንድ ደቂቃ ክፈቱ። ፒ45 ፕላስ እስከ አንድ ሰዓት መቆየት የሚችል ባክ ነው፤ ግን ከእያንዳንዱ ረጅም ኤክስፖዠር በኋላ ያንኑ ያህል ጊዜ ለራሱ ጨለማ ፍሬም ይወስዳል። አንድ ደቂቃ ካነሳችሁ ሌላ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ከመሃል አታጥፉት፤ ፋይሉ ይጠፋል። የሚመጣው ጨለማ ፍሬም ላይ ነጠብጣብ ጥቂት ቢኖር አያስደነግጥም። ከላይ እስከ ታች የወረደ ብሩህ ሰረዝ ካያችሁ ግን ሴንሰሩ ተጎድቷል፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ተዉት።

የኔ ይኸው ነው። ካሜራው፣ ሁለቱ ባኮችና ነጩ ሰሌዳ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። በአራት በአራት ሆናችሁ ኑ፤ ቅደም ተከተሉን እያንዳንዳችሁ በእጃችሁ ትሠሩታላችሁ። የሕንፃ ንድፍ ተማሪዎች ቅድሚያ ይሰጣችሁ። አመሰግናለሁ።